ሚስባህ ባትሪውን ሲለካ

ሚስባህን በክፉ የሚያነሳ ሰው መርሳ ከተማ ውስጥ አታገኙም። እኔ ግን አነሳዋለሁ፤ የልብስ ስፌት ቤቴ ከእሱ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የመጣ ጎበዝ ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ለወዳጁ ሁሉ በምትኩ ሊኑክስ ይጭናል። አንድ አመል አለው፤ ሳይለካ ምንም አይነካም። አምፖል ለመቀየር እንኳ ቴስተር ይዞ ነው ወንበር ላይ የሚወጣው።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ መብራትም ስልክም ጠፋ። የጎረቤታችን የእማማ አሚና አንድያ ልጅ ዓሪፍ «ወደ ደሴ ልውጣ» ሲል እሳቸው «ትተኸኝ አትሄድም» ብለው ተኳረፉ። ሳይሰናበታቸው ወጣ። በደጄ ሲያልፍ «ለእማዬ ያልኩት ላፕቶፕ ኮምፒውተሬ ውስጥ በቪዲዮ አለ፤ ሚስባህ ይክፈትላት» አለኝ። በአስራ ሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ መገደሉን ሰማን።

እማማ አሚና ያን ኮምፒውተር ለማየት እንኳ አልፈለጉም። ጥቅምት ላይ ግን የስኳር መድኃኒታቸው አለቀ፤ በከተማውም ጠፋ። እግራቸው ሲያብጥ አስጠሩኝ።

«ሳልሞት ልስማው» አሉ። «ተቀይሞኝ እንደሁ ልወቅ። አፉ በዪኝ ብሎም እንደሁ አፉ ልበለው።»

ኮምፒውተሩን ይዤ፣ እሳቸውን ደግፌ ሚስባህ ዘንድ ወሰድኳቸው። መብራት እንደጠፋ ስለሆነ ያለን በባትሪው ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ሚስባህ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የባትሪው ቁጥር ስልሳ አራት በመቶ ይላል፤ ጥቂት ጠበቀ፤ አሁንም ስልሳ አራት።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ። «ድራይቨሩ ተበላሽቷል።»

ድራይቨር ማለት ባትሪው ስንት እንደቀረው ለኮምፒውተሩ የሚያደርስ ፕሮግራም እንደሆነ አስረዳን። ማን ጠየቀው?

«መሐል ላይ ቢጠፋባቸው ይጎዳሉ። መጀመሪያ ስንት እንደቀረው ልወቅ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አዝኖላቸው ነው። ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ይጽፍ ጀመር። ድራይቨሩን አወጣው፣ መልሶ ጫነው፤ ስልሳ አራት። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሳው፤ ስልሳ አራት። የስህተት መዝገቡን ቁልቁል አነበበ፣ አንድ መስመር ቀየረ፣ ደግሞ አጥፍቶ አስነሳው።

«ልጄ፣ ድምጡን ብቻ ብትለቅልኝ» አሉ እማማ አሚና በቀስታ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ» አለ ቀና ሳይል።

ባለሙያ ሥራ ላይ እያለ አይነተረክም ተብለው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ደግመው አልጠየቁትም። እኔም አላስቆምኩትም። አንድ ቃል መናገር አቅቶኝ አልነበረም፤ እሱ የሚያውቅ መስሎኝ ነው።

በሦስተኛው ሙከራ ቁጥሩ ተቀየረ። የሚስባህ ፊት በራ።

«ይኸው፣ አሁን እውነቱን ተናገረ» አለ።

ሁለት ይላል። ተጣድፎ ቪዲዮውን ከፈተው። ዓሪፍ ብቅ አለ፤ ቀጥታ እናቱን ያያል፤ ሊናገር ከንፈሩን ሲያላቅቅ ስክሪኑ ጠቆረ።

እማማ አሚና የጠቆረውን ስክሪን ትንሽ አዩት።

«አየኝና ዝም አለ» አሉ። «አኩርፎኛል።»

ሚስባህ ባትሪው እንዳለቀ ደጋግሞ ነገራቸው። እኔም ወላሂ ብዬ ማልኩላቸው። እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልን፤ ግን አላመኑንም። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ስም ሲያነሱ አልሰማሁም። ኅዳር ሳያልቅ ቀበርናቸው።

ከተማው ተለቆ መብራት ሲመለስ ሚስባህ የኮምፒውተሩን ባትሪ ሞልቶ ጠራኝ። ያን ቀን ባትሪው አርባ ደቂቃ ሠርቶ ነበር፤ ከመዝገቡ አይቶታል። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

«እማዬ» ይላል ዓሪፍ፣ «ፊትሽን ካየሁ መሄድ ስለማልችል ነው ሳልሰናበትሽ የወጣሁት። አፉ በዪኝ።»

ሚስባህ አለቀሰ። አላባበልኩትም።