ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው

ልጅነቴን ያሳለፍኩት በር ሲንኳኳ ሁሉም ሰው ዝም በሚልበት ቤት ውስጥ ነው። ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ፣ ድሮ ለሠራተኞች ተብላ የተሠራች ጠባብ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባዬና እማዬ ኢስትሊ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። ጎህ ሲቀድ ማታቱ በሚባለው ታክሲ ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተቱ ይመለሳሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም ትምህርት ቤት እንውላለን። የእማዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ግርማ ግን የትም አይሄድም ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት፣ የሚታደስበት ቀን ደግሞ ዛሬ ነገ እየተባለ፣ ከግቢው በር ካለፈ ዓመት አልፎታል። ጎረቤት ስንት ናችሁ ቢለን አራት ነን፤ አከራያችን ቢጠይቁም አራት ነን። አምስተኛው ጓዳ ውስጥ፣ በጤፍና በሽንኩርት ጆንያ መሃል በተነጠፈች ፍራሽ ላይ፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል።

እማዬ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የምትለውን ተረት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ነው ያስተማረችን። ፍራፍሬ ሻጯ አንድ ማንጎ ስትመርቅላት እንኳ ያቺኑ ምራቂ ለይታ እያገላበጠች ታያታለች። ይህ ጠባይ ለእኔም ተርፎኛል። ዛሬም ሰው በነጻ ነገር ሲሰጠኝ አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታችኛው በኩል ነው።

አንድ ቀን ሌባ በጠራራ ፀሐይ አጥራችንን ዘሎ ገብቶ የጋዝ ሲሊንደራችንን ተሸክሞ ሄደ። ጋሼ ግርማ ጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ግን እንዴት ብሎ ይጩህ? እሱ እኮ እዚያ ቤት የለም። ማታ አባዬ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘና “እንግዲህ መጮህ የሚፈቀድለት ሰው ከሌለን ውሻ ያስፈልገናል” አለ። ከምግብ ቤቱ ደንበኞች አንዱ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚሰበሰቡበት መጠለያ እንዳለና በነጻ እንደሚሰጡ ነግሮት ኖሯል። እማዬ የሰማችው “በነጻ” የሚለውን ብቻ ነበር፤ ፊቷ ወዲያው ጠቆረ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። መጠለያው የረጠበ ገለባና የመድኃኒት ሽታ ነበረው። አባዬ የፈለገው ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሰው ሲያይ የሚያጓራ ውሻ ነው። የመረጠችን ግን ሌላ ሆነች። ገና ዓመት ያልሞላት፣ አንዱ ጆሮዋ ቆሞ ሌላው የወደቀ፣ ግማሽ ጎኗ ከጀርመን ውሻ ግማሹ ከመንገድ የተገኘ ቀይ ዲቃላ፣ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫዋን አሾልካ የናሆምን የጫማ ማሰሪያ ጎትታ ፈታችው። መቆም የሚባል ነገር አልፈጠረላትም። ፒሊፒሊ ነው የሚሏት፤ በስዋሂሊ በርበሬ ማለት ነው። ናሆም እዚያው ሚጥሚጣ ብሎ ሰየማት።

አባዬ ዞሮ ዞሮ አያትና ዋንጂሩ የምትባለዋን የመጠለያውን ሠራተኛ በስዋሂሊ ጠየቃት፤ “ምን ነክቷት ነው የምትሰጧት?”

ዋንጂሩ ሳቀች። ጉልበቷ ከመብዛቱ በቀር ምንም እንዳልነካት፣ ሁለት ቤተሰቦች ወስደው ስላልቻሏት እንደመለሷት ነገረችን። ከዚያ አስከትላ፣ ከመስጠታቸው በፊት ቤታችንን መጥታ እንደምታይና አንዳንድ ጥያቄ እንደምትጠይቀን ተናገረች። የአባዬ ፈገግታ እዚያው ደረቀ።

ቤት ስንገባ እማዬ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጀመረች። “ይቅርብን። ውሻው ሰበብ ነው፤ ቤት ገብተው ሰው ሊቆጥሩ ነው።”

“እኔንም የገረመኝ እሱ ነው” አለ አባዬ። “ሰጪዎቹ እነሱ፣ ተመርማሪዎቹ እኛ!”

እኔ ግን ውሻዋን አጥብቄ ፈልጌያት ነበር። በጋሼ ግርማ ምክንያት ጓደኛ ቤት ማምጣት ክልክል ነው። የክፍሌ ልጆች አንዳቸው ከሌላቸው ቤት እየዞሩ ብላዳ የሚሉትን የላስቲክ ዝላይ ሲጫወቱ እኔ ሁልጊዜ ሰበብ ፈጣሪ ነበርኩ። ውሻ ደግሞ ስንት እንደሆንን ለማንም አትናገርም። ይህን ሳስብ አለቀስኩ፤ ናሆምም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮኝ አለቀሰ።

ያስታረቀን ጋሼ ግርማ ነው። “ኢንተርቪው ከሆነማ ለእኔ ተዉት” አለ። በዚያ ዘመን እኛ ጋ ስለ ኢንተርቪው የማያስተምር ሐበሻ አልነበረም፤ ጋሼ ግርማ ግን ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ለኬዙ፣ ለስደተኝነት ማመልከቻው፣ አምስት ጊዜ ኢንተርቪው የተቀመጠ ሊቅ ነው። በየማታው ከእራት በኋላ የእማዬን መነጽር አድርጎ ዋንጂሩን ይሆንና አንድ በአንድ ያፋጥጠናል። ስንት ናችሁ? አራት። ውሻዋ የት ትተኛለች? በረንዳ ላይ፣ በቤቷ ውስጥ። ታስሯታላችሁ? በፍጹም። አባዬ እዚህ ላይ ይከፋው ነበር፤ ከጊኮምባ ገበያ የገዛው ወፍራም ሰንሰለት አልጋ ሥር ተደብቋል። “የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ” ይላል ጋሼ ግርማ። “ከራሳችሁ አትጨምሩ። ዋናው ነገር የሁላችሁም ቃል አንድ ይሁን።”

ቅዳሜ ዋንጂሩ ሚጥሚጣን ይዛ መጣች። ጋሼ ግርማ ገና በማለዳ ጓዳ ገብቶ በሩ ተዘግቶበታል፤ ሬዲዮው ጠፍቷል። ዋንጂሩ አጥሩን በእጇ ነቀነቀች፣ የግቢውን በር ከፈተች ዘጋች፣ የውሻ ቤቱን ጎንበስ ብላ አየች። እማዬ በዓይኗ ተከተለቻት። ስንት ናችሁ ስትል አራታችንም በአንድ ድምፅ አራት አልን፤ ሴትዮዋ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየችን። ሁሉም በተጠናው መሠረት ሲሄድ ቆይቶ ጋሼ ግርማ ያላስጠናን ጥያቄ መጣ።

“ቀን ቀን ቤት የሚውል ማን ነው?”

አባዬ እማዬን አየ፣ እማዬ እኔን አየች። ከራሳችሁ አትጨምሩ የተባለው ትዝ ብሎኝ እኔ ናሆምን አየሁት። በመጨረሻ አባዬ ማንም እንደማይውል ተናገረ። ዋንጂሩ ራሷን ነቀነቀች። ይህች ውሻ ብቻዋን ከዋለች ቤቱንም ራሷንም ትጎዳለች፣ የቀድሞዎቹም የመለሷት ለዚህ ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ እንድትመለስ አልፈልግም አለችና የውሻዋን ማሰሪያ አነሳች።

ሚጥሚጣ ግን በቦታዋ አልነበረችም። ስንፈልጋት ጓዳው በር ላይ አገኘናት፤ አፍንጫዋን በበሩ ሥር አስገብታ፣ ጅራቷ እየተወዛወዘ፣ በሩን ትቧጭራለች።

“እዚህ ውስጥ ምንድነው ያለው?” አለች ዋንጂሩ።

“ጤፍ” አለ አባዬ።

“ሽንኩርት” አለች እማዬ፣ በዚያው ቅጽበት።

ሁለቱም እውነት ነበር፤ ግን ፊታቸው የውሸታም ፊት ሆነ። ሁላችንም ሁልጊዜ በር ሲንኳኳ እንደምናደርገው ትንፋሻችንን ዋጥን፤ አሁን ግን የምታንኳኳው ከቤቱ ውስጥ ናት። የጓዳው መቀርቀሪያ ድምፅ ሲሰማ እማዬ “በማርያም” ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ግርማ ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ ወጣ። ውሻዋ ደረቱ ላይ ተሰቀለች።

“እኔ ቤት ነኝ” አላት ዋንጂሩን በእንግሊዝኛ። “ቀኑን ሙሉ። በየቀኑ።”

ያ ሁሉ ልምምድ ቀርቶ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ዋንጂሩ ረጅም ጊዜ አየችው። ፍራሹን በተከፈተው በር አየች፣ እኛን አየች። አሁን ወረቀት ትጠይቀዋለች ብዬ የናሆምን እጅ ያዝኩ።

“ውሻ ትወዳለህ?” አለችው።

ጋሼ ግርማ በአምስቱ ኢንተርቪው ከየት መጣህ፣ ማን አሳደደህ፣ በየት በር ገባህ ተብሏል፤ ምን ትወዳለህ ያለው ሰው አልነበረም። የውሻዋን ጆሮ እያሻሸ፣ ልጅ እያለ አገር ቤት አንድ ውሻ እንደነበራቸው፣ ስም ግን እንዳላወጡለት ነገራት። ዋንጂሩ ማሰሪያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ጠዋትና ማታ ከግቢ ውጭ ማስሮጥ ግዴታ ነው፣ ከወር በኋላ መጥቼ አያታለሁ ብላ ሄደች።

እማዬ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ሴትዮዋ ሄዳ ለሚመለከተው ትናገራለች ብላ የጋሼ ግርማን ልብስ በሻንጣ አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ከግቢ ውጭ የሚባለውንም ፈጽሞ አልሰማችም፤ “እዚሁ አዙራት” ትለዋለች። ሚጥሚጣ ግን በግቢ ዙር የምትበርድ አልነበረችም። የተተከለውን ሱኩማ ጎመን ነቅላ ጨረሰች፣ የአባዬን የእሁድ ጫማ በላች፣ የጤፍ ዱቄቱን ጆንያ ቀድዳ ነጭ ሆና ወጣች። አንድ ጠዋት ጋሼ ግርማ የአባዬን ኮትና ኮፍያ አድርጎ፣ ማሰሪያውን እጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ በሩን ከፈተ። እማዬ እስኪመለስ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም። ሲመለስ ላብ አጥምቆት፣ የጃካራንዳ አበባ ጫማው ላይ ተለጥፎ፣ እየሳቀ ነበር። “እኔን ማንም አላየኝም” አለን። “ሁሉም የሚያየው እሷን ነው።”

ከትምህርት ቤት መልስ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ፖሊስ ጠራን። ጋሼ ግርማ ማሰሪያውን አሳጥሮ ያዘ። ፖሊሱ ተሻግሮ መጣና ውሻዋን ራቅ ብሎ እያየ “ትናከሳለች?” አለ። ጋሼ ግርማ በስዋሂሊ “ሃፓና”፣ አትናከስም አለው። ፖሊሱ አንገቷን አሻሽቶ መንገዱን ቀጠለ። ጋሼ ግርማ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ሚጥሚጣ ፊቱን ስትልሰው አልከለከላትም።

ዋንጂሩ በወሩ መጣች። እማዬ ሻይ አቀረበችላትና የሴትዮዋ እጅ ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሄድ እንደሆነ ስትጠብቅ ቆየች። ሴትዮዋ የውሻዋን ጥርስና የጎን አጥንት ዳብሳ፣ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ለማንም አልተናገረችም። እማዬ ይህን ለማመን ዓመታት ፈጅቶባታል።

በኋላ ወረቀቱ ታደሰ፣ ኬዙም አለቀ፣ ጋሼ ግርማ ካናዳ ሄደ። ሚጥሚጣን ማስሮጡ ለእኔ ቀረ። የመጀመሪያው ቀን እማዬም አብራኝ ወጥታ ነበር፤ የየግቢው ዘበኛ፣ ማንዳዚ የሚሉትን ቦምቦሊኖ የምትጠብሰዋ ሴትዮ፣ ስሙን የማናውቀው ጫማ ሰፊ እያስቆሙን “ግርማ የት ሄደ?” አሉን። እማዬ አፏን ይዛ ቀረች። ከአምስታችን ሰፈሩ በስሙ የሚያውቀው የደበቅነውን ሰው ብቻ ነበር።

ሚጥሚጣ አርጅታ ሞተች። እኔም ዛሬ የምኖረው በዚሁ ናይሮቢ ፎቅ ላይ ነው፤ ስንት ናችሁ ብሎ የሚጠይቀኝ ጎረቤት የለም፣ እኔም የማንንም በር አላውቅም። በዚያች ጠባብ ቤት የሰው ዓይን እንዳያየን እንጸልይ ነበር፤ ያንን ጸሎት እግዜር የሰማው ዘግይቶ ይመስለኛል።

ባለፈው እሁድ ጋሼ ግርማ ደወለ። የሚኖርበት ሕንፃ ውሻ አያስገባም። በየቀኑ ግን ከሥራ በኋላ በእግሩ እንደሚዞር ነገረኝ።

“ወረቀቴን ከኪሴ አልለይም” አለኝ። “እስካሁን ግን አንድም ሰው አቁሞ ያነጋገረኝ የለም።”

ሊያስቀኝ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።