አባቴ የቆፈረው ሁለተኛ ቦይ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ ተከራይቶ ኖሮ በመጨረሻ ቡራዩ ላይ ቤት ሲሠራ፣ ከሁሉ አስበልጦ የወደደው የግቢውን ሲሚንቶ ነበር። ከበሩ እስከ ሳሎኑ ደጃፍ አስፈስሶ፣ ገና ሳይደርቅ ዶሮ የረገጠችውን ቦታ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየ ያማርራል። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንድ ቱቦ ቀብሮ፣ በሩ አጠገብ ካለው ቆጣሪ የሚመጣውን የመብራት ገመድና ከመንገድ የሚገባውን የስልክ ገመድ በዚያው አብሮ ሳበው። አባቴ «ችግር የለውም?» ቢለው «ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር።

ስልኩ ሲገባ ጉዱ ታየ። መነጋገሪያውን ስናነሳ እዝዝዝ ይላል። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከተለኮሰማ የሚያወራን ሰው ወፍጮ ቤት የቆመ ይመስላል። ሊያይ የመጣው የስልክ ሠራተኛ ገመዶቹ መለያየት አለባቸው፣ ሌላ ቦይ ይቆፈር ሲል አባቴ ሲሚንቶውን አየና «ሞባይል እያለ ማን በቤት ስልክ ያወራል?» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኛም መላ አበጀን፤ ቁም ነገር ያለው ስልክ ሲደወል አንዳችን ሮጠን ከበሩ ቆጣሪውን እናጠፋለን፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ ያወራል። ወንድሜ «የእኛ ቤት ወሬ በሻማ ነው» እያለ ይስቅብን ነበር።

እሱ ሱሉልታ አንድ ግንባታ ላይ ይሠራል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ እዚያው ያድራል፣ ሲከፈት ይመጣል። አንድ ሰሞን መንገዱ ተከፍቶም ሳይመጣ ቀረ። ሞባይሉን ስንሞክር የምትመልስልን ያቺ «ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለው ሴት ብቻ ሆነች። የሥራ ባልደረባው፣ የታጠቁ ሰዎች መኪና ላይ ከጫኗቸው ልጆች መሃል አይቼዋለሁ አለን፤ ወዴት እንደወሰዷቸው ግን አያውቅም። አባቴ ሰበታ ሄደ፣ ተፍኪ ድረስ ወረደ፣ ሰንዳፋ ዞረ። በሄደበት ፖሊስ ጣቢያ ሁሉ «እኛ ጋ የለም» ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤት ስልኩ ጮኸ። እናቴ ስታነሳው አጠገቧ ነበርኩ። «እሱ ነው! አጥፊው! አጥፊው!» ስትለኝ ግቢውን በሩጫ አቋርጬ የቆጣሪውን ብሬከር አወረድኩት። ስመለስ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆማለች። መስመሩ ተቋርጧል። ከእዝዝታው ሥር የልጇን ድምፅ ለይታለች፤ ካለው ግን አንዲት ቃል አልያዘችም። የት እንዳለ ሊነግረን ነበር የደወለው፣ ሌላ ምን ሊለን? ሞባይሉን ከወሰዱበት በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር የቤቱን ብቻ ነው። ድጋሚ ዕድል ካገኘ እዚሁ ነው የሚደውለው።

በማግስቱ አባቴ ዶማውን አንስቶ ሲሚንቶውን መታው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስክንደውል እንኳ አልጠበቀም። ያንን ሲያሽሞነሙነው የኖረውን ሲሚንቶ ሲፈልጠው ማየት አልቻልኩም፣ ወደ ውስጥ ገባሁ።

መሬቱን የሸጡልን፣ በኦሮምኛው «ኦቦ» ብቻ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ድምፁን ሰምተው ሲመጡ እኔም ተመልሼ ወጣሁ። የእሳቸውም ልጅ በዚያው ሳምንት ተወስዷል። ቤታቸው ስልክ ስለሌለ የሚደወልላቸው በእኛ ነበር።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» አሉ የራሳቸውን ዶማ ይዘው።

«ተዉት፣ አንቱ አይልፉ» አላቸው አባቴ።

«የእኔም ልጅ የሚያውቀው የእናንተን ቁጥር ነው» አሉና ከሌላው ጫፍ ጀመሩ።

ሲሚንቶው ተነስቶ አፈሩ ሲወጣ ኦቦ ዘገን አድርገው አዩት። «እዚህ ጋ ጤፍ ነበር» አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ቦዩን ጨረሱት። አዲስ ቱቦ ተቀብሮ የስልኩ ገመድ ለብቻው ወጣ፣ መብራቱም ተመለሰ። አባቴ ያለውን መብራት ሁሉ አበራ፣ ስቶቩን ለኮሰ፣ ከዚያ መነጋገሪያውን አነሳ። «ጥርት ብሏል!» አለ። መዳፉ ተልጦ ቆስሎ ነበር። የዚያን ቀን ደስ አለን፤ ያን ደስታ አሁን ሳስታውሰው ያናድደኛል።

ቀኑ ሄደ፣ ክረምቱ ገባ። ከዘመድ በቀር ማንም አልደወለም። አባቴ ወደ ጣቢያዎቹ መሄዱን አልተወም፣ መልሳቸውም አልተለወጠም። ኦቦ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ «ተደወለ?» ማለቱንም ኋላ ላይ ተዉት። እናቴ በየመሃሉ ሳይደወል መነጋገሪያውን እያነሳች ታዳምጣለች። አንድ ቀን አባቴ መስመሩ ደህና መሆኑን የምታይ መስሎት «እዝዝ አይልም፣ ደህና ነው» አላት።

«እንደ ድሮው አድርገው» አለችው።

«ምኑን?»

«ገመዶቹን አንድ ላይ መልሳቸው። እዝዝ ሲል ከሥሩ ልጄ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሰማሁት፣ ማንም የለም።»

ኦቦ እጃቸውን ዘርግተው መነጋገሪያውን ከእናቴ ተቀበሉና ጆሯቸው ላይ አድርገው እሳቸውም አዳመጡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ቦታው ላይ መለሱት።