የእማዬ ስም

መሳቢያ ሳጸዳ፣ እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ ደረቷ ላይ የምታደርገውን ባጅ አገኘሁት። በእንግሊዝኛ ፊደል «ጸጋ» ይላል፤ ስሟ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ሰፈር፣ ያራቪል፣ በነበረችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ የሰንበት ትምህርት መምህራችን ጋሼ ታደሰ ተሐድሶን ስለጀመረው ጀርመናዊ መነኩሴ ነገሩን።

«ለመዳን ብሎ ጾመ፣ በብርድ ተኛ፤ ልቡ ግን አላረፈም። በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብ ገባው። የዳንነው በምንድን ነው?»

«በጸጋ!» አሉ ልጆቹ።

«በእማዬ?» አልኩ ደንግጬ።

ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ዛሬ ቁርስሽን ሠርታልሽ ሺፍት የገባችው ምን አድርገሽላት ነው?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ትምህርቱ ገብቶሻል።»

ባጁን ጠርጌ ቦታው መለስኩት። እስከ ዛሬ «በጸጋ ድኛለሁ» ብዬ ስጸልይ፣ የማመሰግነው ማንን እንደሆነ አይለይልኝም።