ከምስጋና በኋላ የሚመጣው

ወይዘሮ አብርሆት ለገሰ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ተግባቦት አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችን ስለ አመራር ያማክራሉ። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ፣ «ያው ማስተማር ነው፤ ጠመኔው ቀረ እንጂ» ይላሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም።

ባለፈው ክረምት ከደካ ወጣ ብሎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተጠሩ። ኃላፊዋ ሰሎሜ የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ክፍል አሠርታ ነበር፤ የመጣች ሴት ግን የለችም። በዝናብ ወራት መንገዱ ስለሚበላሽ ምጥ የያዛት በቃሬዛ ነው የምትመጣው፤ መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። ክፍሉ እስከ መስከረም ባዶ ከሆነ መጋዘን ይሁን ተብሏል።

አብርሆት ኮሌጅ ሲያስተምሩ የኖሩትን ለሰሎሜ ነገሯት፦ ንግግር በምስጋና ይጀመራል። በማግስቱ ነፍሰ ጡሮቹ ከአማቶቻቸው ጋር ተሰበሰቡ። ሰሎሜ ስለ ትብብራቸው፣ ስለ ትዕግሥታቸው፣ ለአካባቢው ስላበረከቱት ሁሉ አመሰገነች። ገና ሳትጨርስ ከኋላ የተቀመጡት ጃንጥላቸውን እያነሱ መውጣት ጀመሩ።

በላይነሽ የሚባሉ አንዲት አማት ሊወጡ ሲሉ አብርሆት በር ላይ ደረሱባቸው።

«ምነው እትዬ፣ ሳይጀመር?»

«ተጀመረ እንጂ! አመሰገነችን አይደል? ከምስጋና ቀጥሎ መዋጮ ነው። ለመንገዱም ተመስግነን ነበር፤ መንገዱን አይተሽዋል።»

«የዛሬው መዋጮ የለውም።»

«ታዲያ ምን አስመሰገናት?»

አብርሆት ተመልሰው ገቡና ሰሎሜን ጠጋ ብለው፣ «ምስጋናው ይቅር» አሏት።

«መዋጮ የለም!» አለች ሰሎሜ ጮክ ብላ። «ምራቶቻችሁ ጭቃ ላይ እንዳይወልዱብን ነው የጠራኋችሁ።»

ሳቅ ሆነ። የወጡትም ተመለሱ። ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ማን ያበስላል? ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?

«እኔ ምራቴን ብቻዋን አልሰጥም» አሉ በላይነሽ። «ለእኔስ አልጋ አለ?»

ሰሎሜ ወደ አማካሪዋ ዞረች። አብርሆት መሬት መሬት አዩ፤ ኃላፊዋ እሷ ናት።

«አለ» አለች ሰሎሜ። «ግን ያንኮራፋሉ እንዴ?»

«እሱን ምራቴ ትንገርሽ!»

ምራታቸው ነሐሴ ላይ እዚያው በሰላም ተገላገለች። ሌሎችም ተከተሉ፤ ክፍሉም መጋዘን መሆኑ ቀረ። የአሁኑ ችግር የአማቶች መብዛት ነው። ለዚህ የሚሆን ምክር እንደሌላቸው አብርሆት ነግረውኛል።