የድሃ መለኪያ

ሰፊው ሕዝብ ሥልጣኑን ከተረከበ ወዲህ ሁሉ ነገር ሰፍቷል ይባል ነበር። የገንዘብ ተቀባዩ የመሸሻ መስኮት ግን ያው እንደ ጥንቷ ጠባብ ናት፤ እጅ ከነገንዘቡ ታስገባለች፣ ፊት ግን ግማሹን ብቻ ታሳያለች። ኮልፌ ውስጥ የነበረው አነስተኛ ሆስፒታል የካርዱን፣ የምርመራውን፣ የአልጋውን፣ የመድኃኒቱን ሒሳብ የሚሰበስበው በእሷ በኩል ነው። የተሰበሰበው ወደ መንግሥት ካዝና ይሄዳል፤ ከዚያም በጀት ሆኖ ዞሮ ይመለሳል። መሸሻ መሄዱን በዓይኑ አይቷል። መመለሱን የሰማው በስብሰባ ላይ ብቻ ነው።

መሸሻ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን ሰው። አፉን የሚከድነው ጥርሱ ወልቆ አይደለም። ሲስቅ የተገኘ ሠራተኛ በማን እንደሳቀ የሚጠየቅበት ዘመን ስለነበረ ነው።

አለቃው ጓድ ይገዙ የነፃ ሕክምና አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ስለ ሕክምና የሚያውቀው መርፌ እንደሚያም ብቻ ቢሆንም፣ ስለ ድሃ ግን ውጭ አገር ድረስ ተልኮ ስድስት ወር ተምሯል። ተምሮ እንደመጣ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

«ቀበሌዎች የድህነት ወረቀት እንደ ሠርግ ጥሪ ይበትናሉ» አለ። «የሆስፒታሉ ገቢ እየሞተ ነው። ከነገ ጀምሮ ድሃ በወረቀት ሳይሆን በዓይን ይለያል። የለበሰ ይከፍላል፤ ያጣ የነጣው በነፃ ይታከማል።»

ተጨበጨበ።

መሸሻም አጨበጨበ፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። እሱ ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ኮልፌ ውስጥ ድሃ ሆስፒታል የሚሄደው በገዛ ልብሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ቡትቶ ለብሶ የሄደን ነርሷ ትገላምጠዋለች፣ ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ ያለውን አውጥቶ በሽተኛውን ይሸልመዋል። ምንም የሌለው ሰው ሁሉም ያዋጣለታልና ሙሽራ መስሎ ይመጣል። ባለ ሱቁ ደግሞ የዘበኛውን ቡትቶ ጋቢ ደርቦ እያቃሰተ ይገባል። የመሸሻ እናት ራሷ የሞተችው በሰው ጫማ ነበር፤ ጫማው ቀብሯ ሳይደርስ ለባለቤቱ ተመልሷል።

ይህን ሊናገር እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሳ።

«ጥያቄ ነው አስተያየት?» አለው ጓድ ይገዙ።

መሸሻ ጆሮውን አከከበት።

በነጋታው ጓድ ይገዙ የአዋጁን ፍሬ ሊያይ ከመሸሻ ወንበር ጀርባ ቆመ። ረፋዱ ላይ ድንቅነሽ የምትባል ሴት መስኮቷ ፊት ደረሰች። ቆሼ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለቅማ የምታድር ሴት ናት፤ ሆዷ ውስጥ እባጭ ወጥቶባት ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አዞላታል። የተለቀቀው አልጋ አንድ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ካልገባችበት ለሌላ ይሰጣል። ከወገቧ ጎብጣ፣ ጥለት ያለው ነጠላ ተከናንባ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ተጫምታ፣ በእጇ ላይ የወንድ ሰዓት አስራ ቆማለች። ጎረቤቶቿ ከኋላዋ ተኮልኩለዋል።

«የቀበሌ ወረቀት አላት ጓድ፤ ነፃ ናት» አለ መሸሻ ቀስ ብሎ።

«ይቺ?» ጓድ ይገዙ በመሸሻ ትከሻ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ይቺ ድሃ ከሆነች ለኔም ምጽዋት ይሰጠኝ! መቶ ሃምሳ ብር መያዣ ታስይዝ።»

«ጌታዬ፣ መቶ ሃምሳ ብር ቢኖረኝ እስካሁን ምን አስቀመጠኝ?» አለች ድንቅነሽ።

«ጌታ ቀርቷል። ጓድ በይ።»

«እሺ ጓድ ጌታዬ፤ ይማሩኝ።»

መሸሻ ካቻምና ከዚሁ ክፍል አንድ ባልደረባው «አሻጥረኛ» ተብሎ ሲወጣ አይቷል፤ ሲወጣ ታየ እንጂ የት እንደገባ አልታወቀም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ወደ ምሳ እየሮጠ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገና ጎረቤቶቿ እንዲሰሙት ጮክ አለ።

«እህቴ፣ ጫማሽ ቁጥሩ ስንት ነው?»

ድንቅነሽ ወደ እግሯ አየች። «እኔ እንጃ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ነው!» አለች ከኋላ ወይዘሮ ሀያቱ። «ለዒድ የገዛሁት የኔ ነው! ምነው፣ ጫማ ማዋስም ተከለከለ?»

«ነጠላውም የልጄ የመልስ ነጠላ ነው» አሉ እማማ ወለተጻድቅ፣ በምርኩዛቸው ሰልፉን እየከፈሉ።

«ሰዓቱስ?» አለ ጓድ ይገዙ፣ እንደያዛት ሁሉ።

«የባሌ ነው» አለች ሀያቱ። «ደሞ አይሠራም። ይውሰዱት ከፈለጉ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ሀያቱ አጎንብሳ ጫማዋን ከድንቅነሽ እግር ላይ አወለቀች፣ ሰዓቱንም ፈታች፤ እማማ ነጠላቸውን ገፈፉ። ድንቅነሽ የተሰነጣጠቀ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ ቀረች።

«ቀሚሱም የሰው ነው» አለች። «ላውልቀው?»

«ይህ የተቀነባበረ ቲያትር ነው!» አለ ጓድ ይገዙ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። «ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ይቀመጣል። እስኪወስን ማንም ምንም እንዳይነካ!»

ኮሚቴው ለመቀመጥ ብቻ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት መሸሻ ያውቃል። ጓድ ይገዙ አባላቱን ሊጠራ በኮሪደሩ ሲርቅ ኮቴውን አዳመጠ። ከዚያ «ነፃ» የሚለውን ማህተም አንስቶ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታው።

«ሂጂ፤ ቶሎ ግቢ» አላት።

ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይገባትም ብሎ በሙሉ ድምፅ ሲወስን ድንቅነሽ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበረች።

በሳምንቱ ሰልፉ በሙሉ ባዶ እግሩን መጣ፤ ከፊት የቆመው የገበያው ባለ ሱቅ ነው። ገቢው አሽቆለቆለ። ሪፖርቱ ላይ ግን አደገና ጓድ ይገዙ ተሸለመ። መሸሻ ሒስና ግለ ሒስ ተደርጎለት፣ ንቃቱ እስኪጎለብት ድረስ ወደ ሬሳ ክፍል መዝጋቢነት ተዛወረ። እዚያ ክፍያ የለም፤ ሁሉም የሚመጣው በአንድ ዓይነት አቡጀዲ ስለሆነ አጣሪ ኮሚቴም አላስፈለገም።

በእነዚያ ቀናት መሸሻ ጠዋት እንደገባ ኮቱን ሳያወልቅ ሌሊቱን የመጡትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ያይ ነበር። ጫልቱ፣ መሐመድ፣ ወለላ። ድንቅነሽ የለችም። ይቀመጣል፣ ኮቱን ያወልቃል፣ እስክሪብቶውን ይፈልጋል። ሀያቱ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝታው «ያቺ ሴት እኮ ቆሼ ወርዳ በጠርሙስ ለቀማ ከሰው ጋር ትጣላለች» እስክትለው ድረስ እንዲሁ አደረገ። ያን ቀን ሳቀ፤ አፉን መክደኑንም ረሳ።