ኢንተረስቲንግ የተባለ ግጥም

«‹ኢንተረስቲንግ› ይበል ማለት አይደለም አልኩህ!» አለች እህቴ፣ የምታርመውን የተማሪዎች ወረቀት አልጋው ላይ ወርውራ። «ስንቴ ልንገርህ?»

«መዝገበ ቃላቱ ‹ሳቢ፣ ማራኪ› ነው የሚለው። ማራኪ ግጥም ይበል ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

«መዝገበ ቃላቱ ዶክተሩን አያውቀውም። ሰው ‹ኢንተረስቲንግ› የሚልህ መጥፎ ነው ለማለት ሲያፍር፣ ጥሩ ነው ለማለት ደግሞ አፉ እምቢ ሲለው ነው።»

«አንቺ ስለምትቀኚ ነው።»

«በምንህ? በኮፒ ማሽንህ?»

እሷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። እኔ ከአስረኛ ክፍል ወዲህ መምህር የለኝም፤ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ፣ ግጥም እጽፋለሁ፣ ቀን ቀን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ኮሌጅ ፊት ለፊት ባለ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር።

«እሺ እታለም፣ አሁን ምን ላድርግ?»

«አባዬ ጋ ደውልና አይምጡ በላቸው።»

«መኪና ውስጥ ናቸው» አልኳት።

ዶክተሩ የኮሌጁ መምህር ነው። ፈተና ሊያባዛ ሲመጣ ግጥሞቼን ሰጠሁት። ከርሞ መለሰልኝ። ወረቀቶቹ እንደሰጠሁት ነበሩ፣ አንድም ጥግ አልታጠፈም። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ እንዳለ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ኢንተረስቲንግ» አለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ያን ቀን ማሽኑ ወረቀት ሲነክስብኝ እንኳ አልተናደድኩም።

አባታችን ደብረ ወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው። በእሳቸው ጉባኤ ተማሪ ቆጥሮ ያዘጋጀውን አዲስ ቅኔ ፊታቸው ቆሞ ይነግራል። ካማረ «ይበል!» ይላሉ። ካላማረ «አፍርሰው!» ይላሉ። ሦስተኛ ቃል የለም። ክረምቱን ሙሉ ሲያፈርስ የሚከርም ተማሪ አለ፤ ግን የቆመበትን ያውቃል። እኔ በልጅነቴ ጉባኤውን ትቼ አስኳላ ስገባ አባቴ አልተቆጡም። ግጥም እንደምጽፍ ሲሰሙም አልተቆጡም። ብቻ አንድም ቀን «እስቲ ንገረኝ» ብለውኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ ያችን ቃል እንዳለኝ ነው እንግዲህ ስልክ የመታሁት።

«አባዬ፣ አንድ ትልቅ መምህር ግጥሜን ይበል አሉኝ።»

«በምን ቋንቋ?» አሉ።

«በእንግሊዝኛ። ያው ይበል ማለት ነው።»

«እንግዲያው መጥቼ እሰማዋለሁ» አሉ።

ስንት ዓመት የጠበቅኳት ዓረፍተ ነገር እንዲህ በቀላሉ መጣች። ከዚያ በኋላ ግን ጆሮዬ አላርፍ አለኝ። ቃሏ ድሮም በኮፒ ቤቱ በር ትገባና ትወጣ ነበር ለካ፤ አሁን ሰማኋት። አንዷ ተማሪ የጓደኛዋን አዲስ የፀጉር ቁርጥ አይታ «ኢንተረስቲንግ» አለችና ፊቷን አዙራ ሳቀች። አንዱ ስለ ፖለቲካ ሲያደነቁረው ለቆየ ሰው «ኢንተረስቲንግ» ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። አባቴ ሊመጡ ዋዜማ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ወደሚቀርብበት ክፍል ኮፒ አደረስኩና በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ላቡን እየጠረገ አቅርቦ ጨረሰ። ዶክተሩ ፈገግ አለ። በዚያችው ለስላሳ ድምፅ «ኢንተረስቲንግ» አለው፤ አስከትሎም ሥራው እንደ አዲስ ከመጀመሪያው እንዲሠራ አዘዘ። ልጁ አልደነገጠም። ቃሏን ሲሰማ ያወቀ ይመስለኛል። የደነገጥኩት እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ጠዋት እህቴን በመዝገበ ቃላት የተከራከርኳትም ያየሁትን ላለማመን ነበር።

አባቴ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ጋቢያቸውን አላወለቁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

«ውሃ ላምጣልዎት?» አለች እህቴ።

«መጀመሪያ ልስማው።»

ቆምኩ። ልክ እንደ ጉባኤው ቆምኩ። ግጥሙ ስለ ሐምሌ ገበያ ነው፤

ጫማውን በጁ ይዞ፣ እግሩን ጭቃ አልብሶ፣
ገበያ የዋለው ሰው፣ ገባ መንገድ ለብሶ።

እዚህ ጋ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። እስከ መጨረሻው ነገርኩ። ውጭ ባጃጅ እያጓራ ዳገቱን ወጣ፣ ድምፁ ጠፋ።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «የተማረ ሰው ይበል ያለውን እኔ ምን እጨምርበታለሁ?»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ይበል የተባለን ዳግመኛ አይዳኙትም፣ ልጄ። ነውር ነው።»

ደሜ ፈላ። በማውቀው ዓለም የማያባብል ሰው አንድ ነበር። ለደብተራው፣ ለቄሱ፣ ለገዛ ወንድማቸው ልጅ አፍርሰው ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እኔ ፊት ግን የዶክተሩ ቃል ቀድማ ገብታ አፋቸውን ይዛዋለች፤ ያስገባኋትም እኔው ነኝ።

«አፍርሰው ይበሉኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ! ድምፅህን!» አለች እህቴ።

«ወይ ይበል፣ ወይ አፍርሰው ይበሉኝ! ሰውየው ይበል አላለም።»

አባቴ ቀና አሉ። «ምን አለ ታዲያ?»

«ኢንተረስቲንግ።»

«ምን ማለት ነው?»

እህቴን አየኋት። ጣሪያውን ታያለች። በእንግሊዝኛ የምትኖረው እሷ፣ ተርጉም የተባልኩት እኔ።

«ሰው...» አልኩ፣ «ሰው አንድ ነገር ያሳዩትና፣ ወደድኩት እንዳይል አልወደደውም፤ ጠላሁት እንዳይል ባለቤቱ ፊቱ ቆሟል። ሳይጥልም ሳያነሳም ማለፍ ሲፈልግ የሚላት ናት።»

«እንዲህ ያለ ቃል አላቸው?»

«አላቸው።»

«ይጠቅማል» አሉ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ አልነበረም። «እኔ ትናንት ተማሪዎቼን ሰብስቤ፣ ልጄ ይበል ተባለ ብያቸዋለሁ። ደስ አላቸው። ከመካከላቸው ሁለት ክረምት ሙሉ ይበል ያላልኩት አለ፤ እሱ ነው ከሁሉም አብልጦ የመረቀህ።» መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እሱ ተርቦ የሚያድርላትን ቃል አንተ ለመንገደኛ ሰጠህብኝ።»

«መስሎኝ ነው አባዬ። መዝገበ ቃላቱ...»

«መኪናው ያመልጠኛል።»

«ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ?» አለች እህቴ።

«ጠግቤያለሁ።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ከኋላቸው ተከተልኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ቢጥለኝም ቢያነሳኝም ግድ አልነበረኝም።

«አባዬ፣ ግጥሙስ?»

በሩን ከፈቱት።

«አባዬ! ግጥሙስ?»

ዞር አሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ኢንተረስቲንግ ነው» አሉ፣ አንዲት ፊደል ሳይስቱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።