ስምንት ቀን ነው ብያለሁ

እኔና ባለቤቴ የሰባት ወር ልጃችንን ይዘን ለስምንት ቀን ዛንዚባር ልንዝናና ነው ብለን ስናወራ፣ ያመነን ሰው ቢኖር ትኬት የቆረጠችልን ልጅ ብቻ ናት። እሷም መመለሻውን በገዛ እጇ ስለቆረጠች ነው። ሌላው ሰው በሙሉ "እሺ፣ እሺ" እያለ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ባልና ሚስት ብቻችንን ብንሄድ ኖሮ ማንም ከነገር አይቆጥረውም ነበር። ነገሩን ያበላሸችው ትንሿ ልጃችን ናት። ሕፃን ተሸክሞ የሚዝናና ማን አለ? ሕፃን ይዞ ከአገር የሚወጣ ሰው ሊቀር ነው የሚወጣው፤ አለቀ።

እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ አካባቢ በተከራየንበት አፓርታማ ከጎናችን ያለችው ሴትዮ መጥታ ሶፋውን ለሌላ ሰው ቃል ገብቼበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልሸጥም ስላት ከፋት፤ ለዘመድ ልትሰጪው ነው አይደል አለችኝ። አከራያችን ደውሎ ቤቱን የምንለቅ ከሆነ ወር ቀደም ብለን እንድናሳውቀው አደራ አለ። አትላስ ባለው ቢሮዬ ደግሞ አለቃዬ የፈቃድ ወረቀቴን ፈርሞ ሲያበቃ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና፣ ስደርስ እንዳልረሳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ። የት ስደርስ? ዳይፐር እየቀየርኩ አሸዋ ላይ ስቀመጥ? ስምንት ቀን ነው ብያለሁ እኮ!

የልጅቷ ፓስፖርት ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ፎቶ ላይ ዓይኗን ከፍታ፣ አፏን ገጥማ፣ ፊት ለፊት መታየት አለባት ተባልን። እንግዲህ ይህን ለእሷ ማን ያስረዳልኝ? ባለቤቴ ከካሜራው ኋላ ቆሞ እንደ ዶሮ ሲጮህ እሷ አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ዝም ሲል ታለቅሳለች። ፎቶ አንሺው በመጨረሻ እኔን ነጭ አንሶላ አልብሶ እንደ ወንበር ሆኜ ልጅቷን እንድይዛት አደረገኝ። በዚያ ፎቶ ላይ የልጄ ፊት የግብር ዕዳ ያለበት ነጋዴ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ግን በሳቅ የሚያልፍ ነው። ቆሽቴን ያሳረረችው እናቴ ናት።

እናቴ አያት ኮንዶሚኒየም ብቻዋን ትኖራለች። የወሊድ ፈቃዴ ካለቀ ጀምሮ በሥራ ቀን በሙሉ እስከ መገናኛ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ እየመጣች ልጅቷን የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። ሞግዚት እንቅጠር ስንላት ሦስት ቀን አኮረፈችን። ትንሿም ብትሆን የአያቷን ድምፅ ከደረጃው ስትሰማ እኔን ገፍትራ ወደ በሩ ነው የምትንጠራራው። እንዴት እንደሚያስቀና! ጉዞውን የነገርናት ቀን እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። "መልካም" አለችና ማጠቧን ቀጠለች።

ምን እንደተሰማት አልጠፋኝም። ታላቅ ወንድሜ ከዓመታት በፊት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ብሎ አውሮፓ ሄዶ እዚያው ቀረ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል አላየችውም። ስለዚህ የእኛን የመመለሻ ትኬት አሳትሜ አያት ድረስ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ቀኑን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ደስ ይላል ብላ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ።

አላለቀም። በሳምንቱ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። ቀጥሎ ቸርች ፕሮግራም አለብኝ አለች። ከዚያ ምክንያቱም ሰለቻት መሰለኝ ሞግዚት ፈልጊ አለችኝ። እኔን! ለጉዞው ወር እንኳ ሳይቀረው! እኔና ባለቤቴ እየተፈራረቅን ከሥራ ቀረን፤ አንድ ቀን ቢሮ ይዣት ሄጄ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስመለሳት። ቅዳሜ ቅዳሜ አያት ስንወስዳት ደግሞ እናቴ ምግብ ታቀርባለች፣ ታጫውተናለች፣ ልጅቷን ግን አትነካም። ትንሿ ሁለት እጇን ዘርግታ ስትንጠራራ እናቴ ወጥ አረረብኝ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። በእኔ ላይ የፈለገችውን ታኩርፍ፤ ይቺ ነፍስ የማታውቅ ልጅ ምን አደረገቻት? ደሜ ፈላ። እየቀጣችኝ ነው አልኩ ለባለቤቴ። ተያት፣ ይለፍላት አለኝ። ለእሱ ሁሉም ነገር ያልፋል።

በመሄጃችን ዋዜማ የእናቴ የጸሎት ጓደኞች ሊሸኙን ተሰበሰቡ። በሄዱበት ምድር በር ክፈትላቸው፣ ሥራ አዘጋጅላቸው፣ ወረቀታቸውን ፈጽምላቸው እያሉ ጸለዩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በጸሎቱ መሃል ዓይኔን ገልጬ ስምንት ቀን ነው ልል ስል ባለቤቴ ክንዴን ቆነጠጠኝ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ አሜን ትላለች። ኤርፖርት ግን አልመጣችም።

የጉዞውን ነገር ባልናገር ይሻለኛል። ልጅቷ አውሮፕላኑ ከቦሌ ሲነሳ ጆሮዋን አመማትና እስክናርፍ ድረስ ጮኸች። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ በየጊዜው ዞሮ ያየን ነበር፤ ዝም የምትልበትን ቁልፍ ደብቀን የያዝንበት ነው የሚመስለው። ዛንዚባር ስንደርስ ሙቀቱ ገላዋን ሽፍ አደረገው። ተሸክመን የሄድነውን የአጃ ገንፎ አልበላም ብላ አሸዋ በላች። ካልተሸከሟት አትተኛም፤ ስለዚህ ባሕሩን እኔና ባለቤቴ በየተራ ነው ያየነው። አብረን የተነሳነው ፎቶ አንድ ነው፤ እሱም ላይ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነናል። ሰው ልክ ነበር፣ ሕፃን ይዞ የሚዝናና የለም።

ከዚያ ሁሉ መሃል ግን በየቀኑ ለእናቴ ፎቶ እልክላታለሁ። ታየዋለች፤ ማየቷን ስልኬ ይነግረኛል፤ መልስ የለም። ስደውል ደህና ናችሁ ወይ፣ ጌታ ይመስገን ትልና ትዘጋዋለች። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አትጠይቅም። ስመለስ ሳልናገር ውዬ አላድርም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ስለዚህ ተመልሰን ቦሌ ስናርፍ የታክሲውን ሾፌር በቀጥታ ወደ አያት ንዳ አልኩት። ባለቤቴ መጀመሪያ ቤት ገብተን ትንሽ እንተኛ ብሎ ለመነኝ። ፍንክች አላልኩም። ዛሬ ይለይልኛል አልኩት።

እናቴ በሩን ከፍታ ቆመች። መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ ሻንጣዎቹን፣ ከዚያ ባለቤቴ ክንድ ላይ ያለችውን ልጅ አየች። እጇ ከመዝጊያው አልተነሳም። እንኳን ደህና መጣችሁም አላለችም፤ ዞራ ገባች፣ ተከተልናት። ሳሎኑ ውስጥ ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትውልበት ጥግ ባዶውን ነው። ፍራሿ የለም፣ የመታጠቢያ ሳፋዋ የለም፣ መጫወቻዎቿ የሉም፣ ማዘያዋ የለም። የት አደረግሻቸው ብዬ ስጠይቃት ታች ፎቅ በቅርቡ ለወለደች ጎረቤቷ እንደሰጠቻቸው ነገረችኝ።

በቃ፣ ያን ጊዜ የወር ንዴቴን በሙሉ አወረድኩት። ለስምንት ቀን የልጅ ዕቃ እንደ ሟች ዕቃ ይበተናል ወይ አልኳት። የእንጀራ እናት እንኳ እንዲህ አትጨክንም አልኳት። ወር ሙሉ እጇን ስትዘረጋልሽ ዓይንሽ እያየ ጥለሻት ትገቢያለሽ አልኳት። ባለቤቴ ተይ፣ ተይ ይለኛል። እናቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝ።

"የወንድምሽን ዕቃ አንድ ሳላስነካ ነው የያዝኩት" አለች። "ይመጣል እያልኩ ጫማውን ስወለውል ነው የኖርኩት። ይሄን አልደግመውም ብዬ ነው። እጄም ቀደም ብሎ እሷን ማጣት ይልመድ ብዬ ነው።"

"እማዬ፣ የመመለሻ ትኬቱን አሳይቼሽ የለም እንዴ?"

"እሱም አሳይቶኝ ነበር።"

ይህን አላውቅም ነበር። ወንድሜ ለእኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም፣ እሷም ተናግራ አታውቅም። ባለቤቴ ልጅቷን አንስቶ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ አየቻት፣ አየቻት፣ ከንፈሯን ጣለችና ወደ እኔ ዞራ ምርር ብላ አለቀሰች። የማታውቀው ሰው የያዛት ይመስል። እናቴ ምንም አልተቆጣችም። "እውነቷን ነው" አለችና መልሳ ሰጠችኝ።

ያን ቀን ከሰዓቱን በሙሉ እናቴ ልጅቷን ስትለማመጥ ዋለች። ማንኪያ ታንኳኳለች፣ ከጨርቅ ኋላ ትደበቃለች፣ ትንሿ አንዴ ፈገግ ብላ አንዴ ታኮርፋለች። እኔ ደግሞ እዚያው ተቀምጬ፣ ንዴቱም አልወጣልኝ፣ ማልቀሱም አልመጣልኝ። አመሻሹ ላይ ልጅቷ እንቅልፏ ሲመጣና ስትነጫነጭ እናቴ ከአልጋዋ አንሶላ ጎትታ አዘለቻት። ትንሿ ትንሽ ተወራጨችና ጉንጯን የእናቴ ጀርባ ላይ ለጥፋ ተኛች።

ልንሄድ ስንነሳ ቀስ ብዬ ከጀርባዋ አወረድኳት። እናቴ አንሶላውን እያጣጠፈች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?" አለችኝ።

ፈቃዴ ገና አላለቀም። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ነኝ።

"በሁለት ሰዓት" አልኳት።